ሃያ፣ አራት ነጥብ

እህታችን ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የካቲት 11 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤቱ ያን ጊዜ ሁለት ክፍል ነበረው። በአንደኛው መጋዝ፣ በሌላኛው የስፌት መኪና ይሠራ ስለነበር ከሜትርና ከእርሳስ ጋር አደጉ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው በ1973 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1978 ዓ.ም. በሕንፃ ምህንድስና ተመረቁ። በ1981 ዓ.ም. ከቀያሽ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። አምስት ዓመት በግንባታ ሳይት ከሠሩ በኋላ በ1983 ዓ.ም. በተማሩበት የትምህርት ክፍል መምህርት ሆኑ።

እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ ትምህርታቸው የሚሰጠው እንዲህ ነበር። ለስልሳ ያህል ተማሪ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ስለነበረ፣ በእጃቸው ካዘጋጁት 112 ገጽ ማስታወሻ ቃል በቃል ያስጽፋሉ። ተማሪው እንዳይሳሳት ብለው ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር ይጠራሉ። ዓረፍተ ነገሩ ባለቀ ቁጥር “አራት ነጥብ” ይላሉ። ተማሪዎቹም “መምህርት አራት ነጥብ” የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። ይህ ጆሯቸው ሲደርስ “ከዜሮ ይሻላል” ብለው ሳቁ።

በ1999 ዓ.ም. የትምህርት ክፍሉ የማስተማር ዘዴ እንዲያዩ ለዘጠኝ ሳምንት ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ላካቸው። ደስ አላላቸውም። ለባለቤታቸው “አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው አሁን ማስተማር ልማር?” ቢሏቸው፣ “ሂጂ፣ ቢያንስ ጉሮሮሽ ያርፋል” አሏቸው።

እዚያ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው የአንድ አዛውንት መምህር ትምህርት ይከታተሉ ነበር። ሰውየው ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ያቆማሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ብጣሽ ወረቀት ያድላሉ። ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ፣ የሰማውን በአንድ መስመር ጽፎ ይመልሳል። በማግስቱ ትምህርቱ የሚጀመረው ተማሪዎቹ አጣመው ከሰሙት ነገር ነው። እህታችን ለባለቤታቸው በጻፉት ደብዳቤ “ሰውየው በየቀኑ ራሱን ያርማል፤ አያፍርም” ብለዋል።

ከተመለሱ በኋላ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ስለ በረንዳ ሶሌታ፣ ማለትም ስለ ኮንክሪት ወለሉ፣ እንደ ወትሮው አስጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከሩት። ለ58 ተማሪዎች ያቀረቡት ጥያቄ “በፌሮዎቹ መካከል ያለው ርቀት በሴንቲሜትር ቢበዛ ስንት ነው?” የሚል ነበር። 21 ተማሪዎች 20 ብለው ጻፉ፤ 37ቱ 24። ተኮራርጀው መስሏቸው ፊት የተቀመጠችውን ልጅ ደብተሯን እንድታነብ አዘዟት። “ቢበዛ ሃያ አራት፣ ነጥብ” ብላ አነበበች። “እርስዎ እንዳሉት ነው፣ መምህርት!” ክፍሉ ሳቀ። እህታችን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ማስታወሻቸው “ቢበዛ ሃያ” ብሎ በአራት ነጥብ ይዘጋል። በቃል ሲነገር ግን “ሃያ አራት ነጥብ” ነው። በሃያ ፈንታ በሃያ አራት የተደረደረ ፌሮ ከሚፈለገው አንድ ስድስተኛው ይጎድለዋል። ፈተናው ርቀቱን ሰጥቶ ስሌቱን ብቻ ይጠይቅ ስለነበር ስህተቱ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አልታየም።

ከሬጅስትራር የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ስም ዝርዝር አስወጡ፤ 941 ተማሪ ነበር። ኃላፊያቸው “ነገሩን ባናነሳው ምን ይመስልዎታል? ስማችን አለበት” ሲሏቸው “የተንጠለጠለው ስማችን አይደለም፣ በረንዳው ነው” ብለው ወጡ። በየሳምንቱ ለስምንት ተማሪ የእርማት ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር።

በ2002 ዓ.ም. ክረምት የአንድ መኖሪያ ቤት የሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ልብስ እያሰጡ ከነበሩ አንዲት እናት ጋር ወደቀ። እናትየው እዚያው አረፉ። ሥራውን የመራው መሐንዲስ በ1991 ዓ.ም. የተመረቀ ተማሪያቸው ነበር። የላኩለት ደብዳቤ “በአድራሻው አልተገኘም” ተብሎ ከተመለሰ አራት ወር ሆኖት ነበር። መርማሪዎቹ የፌሮውን ርቀት ሲለኩ 24 ሴንቲሜትር ሆኖ ተገኘ። ሲሚንቶውም ጎድሎ ነበር። በረንዳውን የጣለው የትኛው እንደሆነ ሪፖርቱ አልለየም። እህታችን ቀብሩ ላይ ማንነታቸውን ሳይናገሩ ቆመው ተመለሱ። ለልጃቸው “ሲሚንቶው የእነሱ ነው፤ ፌሮው የኔ ነው” አሏት። ቤተሰቡ ይህን ሊያስተባብል ብዙ ሞክሯል፤ አልተሳካለትም።

ስህተቱ ከታየበት ቀን ወዲህ አንድም ቀን አስጽፈው አያውቁም። ቁጥር ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ተማሪው በሜትር ይለካዋል፣ ወረቀቱ ይሰበሰባል። ከእሳቸው በኋላ ወደ ውጭ የተላኩ አሥራ አንድ መምህራን ሲመለሱ፣ ያዩትን በአንድ ክፍል ሞክረው የተማሪዎቹን ወረቀት ይዘው ለባልደረቦቻቸው እንዲያቀርቡ አስወስነዋል። ደንቡ ዛሬም ይሠራበታል።

ባለቤታቸው በ2006 ዓ.ም. አርፈዋል። እህታችን በ2012 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተያዙ። በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ሲታጠብ፣ በአንድ እጃቸው ስልክ ይዘው ያልተገኙትን ተማሪዎች ይፈልጉ ነበር። የክፍሉ ነርስ “እትዬ፣ ለዛሬ እንኳን ይረፉ” ስትላቸው “አንቺ ቁጥሩን አንብቢልኝ” ይሏት ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 2014 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ነርስ ሴት ልጃቸው፣ መካኒክ ወንድ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ቀርተዋል።

ፈጣሪ ሥራቸውን ሲመዝን ያረሙትንም አብሮ ይቁጠርላቸው።

ከ1983 እስከ 1999 ዓ.ም. ከእሳቸው የተማራችሁና እስካሁን ስልክ ያልተደወለላችሁ፣ ከቀብር በኋላ ልጃቸውን አነጋግሩ። ይህ ጽሑፍ እስከታተመበት ቀን ድረስ 918 ተማሪዎች ተገኝተዋል፤ 61 በረንዳዎች ተለክተው ድጋፍ ተሠርቶላቸዋል፤ 23 ተማሪዎች አልተገኙም።