የወረታ መናፈሻ፣ ስድስት ሞተሮችና አንዲት ታቃፊ ዶሮ

ጳጉሜን ፫ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ደሳለው
የአብዮት በዓል የሞተር ሳይክል ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የኮሚቴዎን ጤናና የስድስቱን ሞተሮች ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ግን ጆሮዬ ሰው በሌለበት ይጮህብኛል። ይህን ደብዳቤ በልብስ መስፊያ ቤቴ በር ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለመዳፈር አይደለም። ወደ ቢሮዎ ደጋግሜ ብመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልሁ፤ ስብሰባውም መናፈሻው ውስጥ ሞተር ላይ ተቀምጠው የሚያካሂዱት መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ፣ ከእንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ላለማስተጓጎል ብዬ ነው። የእህቴ የድንቅነሽ ልጅ መሆንዎንና የርብን ወንዝ በጀርባዬ አዝዬ ያሻገርሁዎ መሆኔን እዚህ አላነሣም። ዝምድና ሌላ፣ ሥልጣን ሌላ ነው። ስለዚህ «አንተ» ማለቱን ትቼ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ በተማርሁት አማርኛ በሙሉ አክብሮት እጽፍልዎታለሁ።

ጉዳዬ የዶሮ ጉዳይ ነው።

ዶሮዬ ከአልጋዬ ሥር ዕንቁላል ታቅፋ ነበር። ሞተሮቹ ልምምድ ከጀመሩ ወዲህ አንዱ ባለፈ ቁጥር ብድግ ትልና ደጅ ወጥታ ታያለች፤ ስትመለስ ዕንቁላሉ በርዶ ይቆያታል። እርስዎ እንደሚያውቁት ታቃፊ ሙቀት እንጂ ትርዒት አያስፈልጋትም። በመጨረሻም አንድ እንኳ ሳይፈለፈል ቀረ። አሁን ዕንቁላሉን ጨርሳ ትታ የስፌት መኪናዬ መርገጫ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ የሚንጫጫ ብረት ሁሉ አለቃዋ የሆነ መስሏታል። ካሣ አልጠይቅም። ዶሮዋ ለበዓሉ መሳካት የበኩሏን እንዳበረከተች በሚቀጥለው ንግግርዎ ላይ ቢያነሡልኝ ይበቃኛል።

ብዕር ካነሣሁ ዘንድ ግን፣ የዶሮዋን ያህል ክብደት የሌላቸውን ጥቂት ነገሮች ጨምሬ ባቀርብ እንደማይቆጡኝ ተስፋ አለኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጭብጨባው። በሐምሌ በተጠራው ስብሰባ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳ፣ የሞተር ውድድር የማያደርግ ከተማ እንደ ተኛ ከተማ እንደሚቆጠር አስረዱን። ቀን ሙሉ አረም ሲያርም የዋለ ሰው በዚያ ሰዓት ተኝቶ ቢቆጠር ደስታው እንደ ነበር ማንም አልነገራቸውም። መሪጌታ አዛናው፣ እርስዎንም ፊደል ያስቆጠሩዎ መምህር፣ ተነሥተው «ሜዳው ውኃ ሲሞላ ከብቱ የት ይቁም?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም ጥያቄው ኋላ ቀር መሆኑን በትዕግሥት ገለጹላቸው። መሪጌታ «እንግዲህ ውኃውንም ኋላ ቀር በለውና ይመለስ እንደ ሆነ እንይ» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ «በከፍተኛ ጭብጨባ ጸደቀ» ተብሎ ታወጀልን። ክቡር ሆይ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ መስኮቱ በተከፈተ አዳራሽ የተቀመጠ የፎገራ ሰው ምን ጊዜም ያጨበጭባል። የወባ ትንኝ እየገደልን ነበር። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት አብልጠው ማጨብጨባቸውን ልብ ብለው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ወዲያው በተገለጸልዎ ነበር። «የሚቃወም አለ?» ሲሉን ዝም ያልነውም ትንኙ ወደ አፋችን እንዳይገባ ነው። እርስዎ የዚሁ አገር ልጅ ሆነው ይህን መርሳትዎ ሹመት ከወባ እንደሚከላከል ያስረዳልና እንኳን ደስ ያለዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ መሮጫው። ኮሚቴዎ መናፈሻውን የለካው በሚያዝያ ነው። በሚያዝያ ዋልካችን፣ ይህ ጥቁር አፈር፣ እንደ ድንጋይ ይደርቅና የሰው እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ይህን ያየ ኮሚቴ «ጎማ እንዳይገባበት» ብሎ የከተማውን ሰው በዘመቻ ጠርቶ ስንጥቁን በጠጠር አስሞላ። እኔም ተሸክሜያለሁ፤ ወገቤ ምስክር ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ያንኑ ስንጥቅ ያለ ዘመቻና ያለ መፈክር ዘጋው፤ መሬቱም አብጦ ጠጠራችንን መራራ ኮሶ እንደ ቀመሰ ሕፃን ተፋው። አሁን ላዩ ጠጠር፣ ውስጡ ማጥ ነው። መስከረም ሲጠባ በዚህ መሬት ላይ በሬ እንኳ አንዱን እግር ሳያወጣ ሁለተኛውን አያስገባም። ይህን ለኮሚቴዎ አባል ብነግራቸው ጎማ ከሰኮና የተራመደ መሆኑን አስተማሩኝ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ፤ ተራምዶ የት እንደሚደርስ ለማየት ቸኩያለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ባንዲራው። ውድድሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የሚውለበለብ፣ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ ጨርቅ እንድሰፋ ታዝዤ ሰፍቻለሁ። ጨርቁ ከሩቅ አገር የመጣ የሥልጣኔ ምልክት ነው ተብሎ ተነግሮኛል። ሰፍቼ ስጨርስ ዘርግቼ ባየው የፎገራ ላም ቆዳ መስሎ ታየኝ። አያቶቻችን ይህን ምልክት ከነሕይወቱና ከነወተቱ ሲያረቡት መኖራቸውን ሳያውቁ ሞቱ።

አራተኛ፣ ስለ ከብት ሐኪሙ ሞተር። ከስድስቱ ሞተሮች አንዱ ሐኪሙ ክትባት ይዞ ወደ ገጠር የሚወጣበት እንደ ነበር ያስታውሳሉ። አሁን ሞተሩ በመናፈሻው ውስጥ ይዞራል፤ ሐኪሙ ደግሞ በእግሩ ይዞራል። የታመመ ከብት ያለው ሰው በዓሉ እስኪያልፍ ከብቱን «ቆይ ታገሥ» እንዲለው ተመክሯል። የእኛ ከብት ትዕግሥተኛ ነው፤ እስከ ዛሬ ስብሰባ ረግጦ ሲወጣ አልታየም።

አምስተኛው ስለ አጥሩ ነው። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ትንሽ ቢቀመጡልኝ።

እርስዎ መናፈሻ የሚሉት ቦታ እኛ ጉብታው የምንለው ነው። ባላባቱ በነበረ ጊዜ የባላባቱ ነበር፤ ያኔም ቢሆን ርብ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሲሆን ከብት እዚያ እንዲቆም ይፈቀድ ነበር፤ ባላባቱ ስስታም ነበሩ እንጂ ዕብድ አልነበሩም። ለውጡ መጣና ጉብታው የሕዝብ ሆነ፤ ተማሪዎች ዛፍ ተከሉበት፤ መናፈሻ ተባለ፤ ውኃው ሲመጣ ግን ከብቱ በታችኛው ወገን እንዲቆም ተስማምተን ኖርን። ዘንድሮ ሰኮና መሮጫውን እንዳያበላሽ ተብሎ ዙሪያው በሽቦ ታጠረ፤ በሩም ተቆለፈ፤ ቁልፉም በእርስዎ ኪስ ገባ። የሕዝብ ነው የተባለውን ቦታ ከሕዝቡ የሚጠብቅ እንዲህ ያለ አጥር በባላባቱም ዘመን አላየንም።

ውኃው ከትናንት በስቲያ መጣ። የሜዳው ሰው ከብቱን እየነዳ እንደ ልማዱ ወደ ጉብታው ቢወጣ ሽቦ አገኘ። ከብቱ አሁን ሽቦውን ተደግፎ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ከእነዚያ መካከል የይታይሽ ላም አለች። ይታይሽን ያውቋታል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት ላምና በአንድ ጥማድ በሬ ልጆች የምታሳድግ ጎረቤቴ ናት፤ በዓመት በዓል ለእርስዎም ወተት ትልክ ነበር። ላሟ ቡሬ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። ውኃ ላይ የተወለደ ጥጃ እግሩን ሳያጸና ይሰጥማል፤ ላሟም ለማንሣት ስትል አብራ ትወድቃለች። ወደ ይፋግ በኩል ያለው ደረቅ መሬት ሩቅ ነው፤ መንገዱንም ውኃው ይዞታል፤ ከባድ ላም አያሻግርም። ይታይሽ ትናንት ከጧት እስከ ማታ የላሟን ጅራት ይዛ ውኃ ውስጥ ቆማ ዋለች። በሽቦው ወዲያ ማዶ ደግሞ ለውድድሩ የመጣው ሻምፒዮን የተባለ ሞተረኛ አንድ ጎማ አንሥቶ በአንድ ጎማ ይሄዳል። ባለ አራት እግር መቆሚያ ባጣበት ቦታ ባለ ሁለት ጎማ አንዱ ተርፎት በአየር ላይ ሲያንሳፍፍ ማየት በእውነቱ ዓይን ይገልጣል።

«በሩን ክፈቱልን» ብንላቸው ዘበኛው ቁልፉ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ነው አሉን። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባውን ከላይ ገልጫለሁ።

ስድስተኛ፣ ስለ ዛሬው ቀን። ዛሬ ሩፋኤል ነው። በሩፋኤል ዝናብ እንደሚጥል ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቃል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አውጥተው በዝናቡ የሚያጥቡት ቀን ነው። ኮሚቴዎ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ መርጦ ታላቁን የሙከራ ውድድር ለዛሬ አደረገው። ይህ ድፍረት ነው። ሰማዩን ሳይጠይቁ ለሰማዩ ቀጠሮ መስጠት ለማንም የማይቻል…

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሞተሮቹ ድንገት ዝም አሉ፤ ስድስቱም። ዶሮዬ እንኳ አንገቷን ቀና አድርጋ ታዳምጣለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ አሁን ደግሞ የቤቴን በር የሚደበድብ ሰው አለ። ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ የምጠብቀው እንግዳም የለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በሩ ሲመታ ሳይከፍት በፊት ፊርማውን ቢያኖር ይመረጣል፤ በኋላ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ፦

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ወንበርዎን ያጽናው፤ የሚቀመጡበትን ሞተር ከማጥ ይጠብቀው እያልሁ፣ ለዶሮዬ ጸጥታ፣ ለይታይሽ ላም ደረቅ መሬት የምለምን፣ ከዘመቻ ያልቀረሁ፣ ባንዲራ የሰፋሁ፣ ጠጠር የተሸከምሁ፣ ትንኝ የገደልሁ፣

ታዛዥዎ
ተገኘ፣ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦

በሩን ብከፍት እርስዎ ነዎት። እስከ ጭንዎ ዋልካ ለብሰው፣ አንድ እግርዎ ጫማ አድርጎ፣ ሌላው ጫማውን ለመናፈሻው ለግሶ ቆመዋል። «አያ» አሉኝ። ከተሾሙ ወዲህ ይህን ቃል ከአፍዎ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነውና ሆዴ ባባ፤ ውሸት አልናገርም። «አያ፣ እባክህ ጥማድ በሬ ፈልግልኝ። ሞተሮቹ ሁሉ ገብተው ቀርተዋል» አሉ። ሻምፒዮኑ ከሞተሩ ላይ ለመውረድ ፈርቶ እዚያው እንደ ተቀመጠም ነገሩኝ።

በአቅራቢያው ያሉት በሬዎች ከሽቦው ውጭ የቆሙት የይታይሽ በሬዎች ብቻ እንደ ነበሩ ያስታውሳሉ። አብረን ሄድን። እርስዎ አፍረው ከኋላዬ ስለ ቆሙ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ይታይሽ ከላሟ ጅራት እጇን ሳታነሣ ወደ እርስዎ እያየች፣ «በሬዎቼ ከከብት ወገን ናቸው፤ ከብት ደግሞ እዚህ እንዳይገባ ተከልክሏል። ሕግ አላፈርስም፣ ልጄ» አለችዎ። እርስዎም ለዛሬ የተፈቀደ መሆኑን ነገሯት። «ለበሬዎቹ ነው የተፈቀደው? እንግዲያማ ቡሬ ትግባ፤ ሌላውም ከብት ይግባ፤ በሬዎቼ መጨረሻ ይገባሉ። እነሱ እንደ ሰው አይቸኩሉም» አለች። ቁልፉን ከኪስዎ አውጥተው በሩን በገዛ እጅዎ ከፈቱ። በሕይወቴ የሰማሁት ከሁሉ አጭሩ የኮሚቴ ውሳኔ እርሱ ነው፤ ማንም አላጨበጨበም፤ ትንኙም በዝናቡ ተሸሽጎ ነበር።

በሬዎቹ ስድስቱንም ሞተሮች አንድ በአንድ ጎትተው አወጡ። ሻምፒዮኑ ከነተቀመጠበት ወጣ። ቡሬ ግን ለመጎተቱ ትርዒት ዞር ብላ ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ ከፍተኛው ቦታ ሄደችና ውድድሩ ያልቃል በተባለበት፣ እኔ በሰፋሁት ባንዲራ ሥር ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ እንደ ባንዲራው የተዥጎረጎረች። ሳይመሽ በአራት እግሯ ቆማለች። ዛሬ በዚያ መሮጫ ላይ ከመጨረሻው የደረሰ ሌላ ተወዳዳሪ ስላልነበረ አንደኝነቷ አያከራክርም።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ደብዳቤውን ቀድጄ ልጥለው ነበር። የእህቴ ልጅ ነዎት፤ እግርዎንም ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ የቀረው ጭቃ በወንዛዬ ፍል ውኃ እንጂ በእኔ ባልዲ የሚለቅ አይደለም። ነገር ግን ከቤቴ ወጥተው ገና መንገዱን ሳይሻገሩ፣ ዘበኛውን «ነገ ጧት ከብቱን አውጡና በሩን ቆልፉ፤ መሮጫው ይደልደል» ሲሏቸው ሰማሁ። ስለዚህ እለጥፈዋለሁ።

ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ፈልገው እንዳይደክሙ፤ የበሬዎቹን ጠፍር ሲይዙ ለእኔ አቀብለውኝ ነበር። በደህና ቦታ አለ። ከባንዲራው ትራፊ ጨርቅ ማሰሪያ ሰፍቼ በጥጃዋ አንገት ላይ አስሬዋለሁ። ውኃው ከመጉደሉ በፊት ቁልፉን ከፈለጉ ራስዎ መጥተው መውሰድ ይችላሉ። እናቲቱ አራስ ናትና ሲጠጉ ቀስ ይበሉ፤ ሊቀ መንበር ከጅብ አትለይም።