የአቶ ገብረጻድቅ ወልደሚካኤል ሕይወትና የአርባ ሦስቱ ክሮች ታሪክ

አቶ ገብረጻድቅ ከአባታቸው ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ወልደሚካኤል ዲንቄ፣ ከእናታቸውም ከወ/ሮ ወርቅውሃ አሸብር በ1924 ዓ.ም. በአቃቂ በሰቃ ተወለዱ። በደብራቸው ዳዊት ደግመው፣ በዘመናዊ ትምህርትም እስከ አራተኛ ክፍል ዘልቀው፣ በ1943 ዓ.ም. በአካባቢው በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ተቀጠሩ። በ1949 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺሐረግ ቀናው ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን መሰለችን ወልደዋል።

በ1955 ዓ.ም. ክራር ያስተማሯቸው ጎረቤታቸው አቶ ፀሐዩ ሲያርፉ የእጃቸው ምት አብሯቸው ተቀበረ። አቶ ገብረጻድቅ በዚህ አንጀታቸው አረረ። ቴፕ ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም፤ የሚያውቁት ክር ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ጠርጎ የሚጥለውን ቁርጥራጭ ክር እየቀጠሉ በሕይወት ያሉትን የሌሎቹን መቺዎች ምት በቋጠሮ ይጽፉ ጀመር። ለከበሮው ሰፊ አፍ ትልቅ ቋጠሮ፣ ለጠባቡ ትንሽ፣ ለዝምታው ባዶ ክር፤ ለክራር ደግሞ ስድስት ክር ጎን ለጎን። በየሠርጉና በየንግሡ ዞሩ። ከወሎ የመጡት የወ/ሮ ዙለይኻ የመንዙማ ድቤ እንኳ አልቀረም። በአሥራ ስድስት ዓመት አርባ ሦስት ምት ቋጠሩ፤ ባለቤታቸውንም ቋጠሮውን ማንበብ አስተማሩ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ዘመዶቻችን «ይሄን እንኳ ዝለሉት፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም» ብለውናል። አንዘልም። በ1971 ዓ.ም. የቀበሌ ሰዎች ቤታቸውን ፈትሸው ክሩን አገኙ። አባታቸው ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው «የሕዝብ ንብረት ዘርፈሃል» ብለው አራት ወር አሰሯቸው። ጥራጊ ነው ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ክሩንም ለዘማች ሹራብ ይሠራበት ብለው ለሴቶች ማኅበር ሰጡት። ቋጠሮውን ፍቱ ተብለው ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ወ/ሮ የሺሐረግ ነበሩ። የባላቸውን የአሥራ ስድስት ዓመት ልፋት በገዛ ጥፍራቸው እንዲፈቱ ተደረጉ። ይህን ያዘዘ ሰው ከማን ተወለደ ያሰኛል።

ወ/ሮ የሺሐረግ ግን ከመፍታታቸው በፊት እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣታቸው ያነቡት ነበር። ቤት ሲገቡ ያስታወሱትን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ እንደገና ይቋጥሩታል። ሰባት ተረፈ። ሠላሳ ስድስቱ ሹራብ ሆኖ ሄደ።

አቶ ገብረጻድቅ ከእስር ሲወጡ ሥራቸው ተነጥቆ ጠበቃቸው። የጠፋውን ለማስታወስ ስምንት ዓመት ታገሉ፤ አልመጣ አላቸው። የፋብሪካው ብናኝ የጎዳው ሳንባቸው ጠንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። በመጨረሻው ጠዋት ግን ጣታቸው የአልጋውን ብረት መምታት ጀመረ። የወ/ሮ ዙለይኻ ድቤ ነበር፤ ስምንተኛው። ባለቤታቸው ደጋግመው አዳመጡ፤ እጃቸው ላይ ግን ክር አልነበረም። አቶ ገብረጻድቅ በዚያው ዕለት፣ ጥር 19 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በ56 ዓመታቸው ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ትተው አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ቀበሌው የአበባ ጉንጉን ልኮልናል። አልመለስነውም። ወ/ሮ የሺሐረግ የታሰረበትን ክር ፈትተው ወስደዋል፤ ስምንተኛው ምት ተቋጥሮበታል።

እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ደጁን ይክፈትላቸው። ክሩን ያስፈታውንም እሱ ራሱ ይጠይቅልን።