ሱቅ ውስጥ የበራች አንጸባራቂ

ጥቅምት 8 ቀን 1955
ሠላሳ የብስክሌት አንጸባራቂ ከአዲስ አበባ ደረሰልኝ። ከኋላ የምትታሰር፣ ቀይ። ሱቁ ጨለም ስለሚል ባትሪ አበራሁባት... ፍም! ሰው ተሻማ። ኦቶና ሆስፒታል የሚሠራው ድሬሰር ቶማ፣ "ጋሽ ገበየው፣ ይቺ ካለች የመብራት ዲናሞ ለምኔ?" አለ።
"ምን ያደርግልሃል!" አልኩት።
ግማሹ በአንድ ቀን አለቀ።

ጥቅምት 12
የቶማን ብስክሌት ፖሊስ ያዘው። ሲመሽ ያለ መብራት ነዳህ ተብሎ። በእግሩ ሄዶ ለማታ ተራው ዘገየ። እንዲህ ከቀጠለ ሥራውን ያጣል።
"በርስዎ ቃል ነው የገዛሁት" አለኝ። ባለቤቴ ጣፈጠች ደግሞ፣ "ሕግም መሸጥ ጀመርክ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ጥቅምት 13
ቶማን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ሐብተማርያም አልተቆጣም። "ደንቡ ከፊት መብራት፣ ከኋላ ቀይ ይላል። ይቺ ደግሞ መብራት አይደለችም፤ ካላመንክ እንሞክረው።"
ጀምበር ስትጠልቅ ቁልቁለቱ ላይ ቆምን። ቶማ በብስክሌቱ አልፎን ወረደ... ጠፋ። ድምፅ የለ፣ ቀይ የለ።
"የታለች ፍምህ?" አለ ሃምሳ አለቃው።
ባትሪዬን አበራሁ። ቦግ አለች! "ይኸዋ!" ስል፣
"ታዲያ እስከ ኦቶና ባትሪ ይዘህ ልትከተለው ነው?"
ለካ ሱቅ ውስጥም ያበራሁት እኔው ነበርኩ! ቶማ ተመልሶ ሲሰማ ሦስታችንም በሳቅ ሞትን። ብስክሌቱን ለቀቀልን፣ መብራት ሳይገባለት ማታ እንዳይነዳ አስጠንቅቆ።

ጥቅምት 14
ለቶማ ብስክሌት ዲናሞና መብራት በራሴ እጅ ገጠምኩ፣ በነፃ። ሌሎቹም ገዢዎች ዲናሞ በመጣበት ዋጋ ይውሰዱ ብያለሁ። ቃል ከዕቃ ይበልጣል።
አሥራ አምስት አንጸባራቂ ግን ተረፈ። ወሬው ከተማውን ሞልቶታል፤ ማን ይገዛል?

ጥቅምት 19
ጋሪ ነጂው ዳና ገባ። አንዷን አገላብጦ አየና፣ "ሎኦ፣ ጥሩ ናት! ለፈረሴ ግንባር ሁለት ስጠኝ" አለ።
"ብቻዋን አትበራም እኮ" አልኩት። አንዴ ይበቃኛል።
"ጌጥ ናት ጋሼ! ፈረሴ ከቶማ ብስክሌት ያንሳል?"

ጥቅምት 21
አለቀ። ጋሪ ነጂ ሁሉ የዳናን ፈረስ አይቶ መጣ። አዝዣለሁ... ስልሳ።

ጥቅምት 26
የገበያ ቀን። ሲመሽ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሃምሳ አለቃውም አጠገቤ። ጋሪዎቹ ተሰልፈው ዳገቱን ይወጣሉ። ጨለማ ብቻ። ቶማ ወደ ተራው ሊሄድ ከላይ ብቅ አለ፣ ዲናሞው እያፏጨ። ብርሃኑ ሲወርድባቸው ፈረሶቹ አንድ በአንድ ቀይ በቀይ ሆኑ! ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ቶማ ደወሉን እየደወለ አለፈ።
ሃምሳ አለቃው ባትሪ ፍለጋ ዞር ብሎ እጄን አየ።
ባትሪዬ ሱቅ ውስጥ ነበረች።