ስለ ሃያ አራት ኪሎዋ ልጅና ስለ ሠላሳ ሁለት ኪሎው ብረት

ለተከበሩ የሠፈራችን ስፖርት ክበብ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ በታላቅ አክብሮት ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ትከሻዎስ፣ የእጅዎ አንጓስ? እነዚህ ሦስቱ ደኅና ከሆኑልዎ ሌላው አካል አብሮ ይሰነብታል፤ ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን ሦስቱንም በየተራ አጥቼ ስላየሁት ነው። ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተደረደሩት ዋንጫዎችም በሰላም እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማንነቴን ለማስታወስ ያህል፣ ባለፈው ሳምንት በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ቀን ተቀምጬ፣ በሦስተኛው ቀን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያነጋገሩኝ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ባያስታውሱኝም አልቀየም፤ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ስልክም ያነጋግሩ ነበር። በሥራዬ የእህል መጋዘን ሚዛነኛ ነኝ። በክበብዎ «የብረት ልጆች» ከተባሉት ስድስት ሕፃናት አንዷ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ የሴት ልጄ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ፌንጣ እንላታለን፤ እግር ካወጣች ጀምሮ አንድ ቦታ ተቀምጣ አታውቅምና። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። ለብቻዎ የጻፍኳቸው ሁለቱ መዝገብ ቤት ገብተው አልወጡም፤ ሦስተኛው ብቻውን መግባት እንዳይፈራ ሰው እያየው ይሂድ ብዬ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ማመስገን ይገባኛል። ልጆቻችን በመኪና መሐል ኳስ ሲያባርሩ የነበረበትን ጊዜ አልረሳሁትም፤ አዳራሹን ከፍተው፣ ጣሪያውን አስጠግነው፣ ገመድ ዝላይና ግልብጥብጥ ያስጀመሩልን እርስዎ ነዎት። ፌንጣም በዚያ ወቅት ማታ ማታ ደክሟት ከእራት ገበታ ላይ ትተኛ ነበር፤ ደስ የሚል ድካም ነበር። ከስምንት ወር ወዲህ ግን ገመዱ ተሰብስቦ ሣጥን ውስጥ ገባና በምትኩ ብረት መጣ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተን ነበር፤ የእኛ ክበብ ግን ዕንቁላሉ እስኪፈለፈል መጠበቅ ሰልችቶት ብረት አስያዘው። ለዚህ ትጋትዎም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም በትልቁ የተጻፈውን «ሕመም የሰነፍ ሰበብ ነው» የሚለውን ቃል ይመለከታል። ጽሕፈቱ እጅግ ያማረ ነው፤ ቀለም ቀቢውን ያመስግኑልኝ። ልጆቹ በየቀኑ ስለሚያነቡት በቃላቸው ይዘውታል፤ ፌንጣም ይዛዋለች። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንዱ ማክሰኞ፣ ብረቱ ከትከሻዋ ወደ ላይ ሲሄድ ቀኝ አንጓዋ ወደ ኋላ ታጠፈ። አሠልጣኙ ፊሽካውን ነፍቶ «ድገሚ» አላት፤ ደገመችም። ከዚያ በኋላ ለእናቷም ሆነ ለእኔ ትንፍሽ ሳትል፣ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ስድስት ቀን ቆየች። እናቷ ልብስ ፋብሪካ ሁለት ፈረቃ ስለምትሠራ አላየችም። እኔ ግን ቤት ነበርኩ፤ አላየሁም።

ነገሩ እንዲወጣ ያደረገችው መምህርቷ ናት። በቤት ሥራ ደብተሯ ላይ «የልጅቱን የቤት ሥራ የሚሠራላት ሰው እባክዎ ያቁም፤ ጽሕፈቱ የእርሷ አይደለም» ብላ ጽፋ ላከችብን። እኔም ተቆጥቼ ማን ነው የሚጽፍልሽ ብዬ አፋጠጥኳት። እናቷ ስትለማመጣት ጊዜ እርሳሱን በግራ እጇ አነሳችና ስሟን እያጣመመች ጻፈችልን። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ አፍሬያለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን አላፈርኩም።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አልጮኸችብንም፤ ብትጮህብን ይሻለን ነበር። በሚያድግ ልጅ አጥንት ጫፍ አጠገብ ገና ያልጠነከረ ቦታ እንዳለ፣ አጥንቱም የሚረዝመው ከዚያ እንደሆነ፣ የተጎዳውም እርሱ እንደሆነ በወረቀት ላይ ሥላ አሳየችን። እጇን አሰረችላትና ስድስት ሳምንት ምንም እንዳታነሳ አዘዘች። ሁሉንም ግን በአንድ ላይ አልኮነነችም፤ ልጅ ቢዘል፣ ቢንጠለጠል፣ በራሱ ገላ ቢሠራ፣ ቀለል ያለ ነገርም የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ አያያዙን እያረመለት ቢያነሳ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም አለችን። ከአቅሙ በላይ የሆነ ብረት ሰው እንዲያጨበጭብለት ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው አለች። ይህችን ልዩነት ለክበቡ ላሳውቅ ብዬ ነበር አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት።

ሁለተኛ። ክብደትን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቢታገሡኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ባለፈው ሰኞ ሠፈራችን ያለው በያጅ፣ የክበብዎን ክብ ብረቶች ቀዳዳቸውን ሊያጠብብ በእጅ ጋሪ እየገፋ በመጋዘናችን በር ሲያልፍ ፀሐይ ስለበረታችበት ጥላ ሥር እንዲያርፍ ጋበዝኩት። ልማድ ክፉ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቴ የመጣውን ሁሉ ስመዝን ስለኖርኩ፣ ወሬ እያወራን ሳላስበው አንዱን ብረት አንስቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። በነጭ ቀለም የተጻፈበት አሥር ነው። ሚዛኑ አሥራ አራት አለ። ሚዛኑን ጠረግኩ፣ ባዶውን አየሁት፣ ደገምኩት፤ አሥራ አራት። ሌላውንም አስቀመጥኩ፤ ያው አሥራ አራት።

በያጁ ቅን ሰው ነው፤ አልደበቀኝም። ከሁለት ወር በፊት ሲታዘዝ የአሥር ሚሊሜትር ላሜራ ገበያ ላይ ጠፍቶ በአሥራ አራቱ እንደቆረጠው፣ ይህንንም ለክበቡ ጸሐፊ እንደነገረ፣ ጸሐፊውም ቁጥሩ በዕቅዱ ላይ ስለሰፈረ ዕቅዱን ማበላሸት አይቻልም፣ እንደታዘዘው ቀባው እንዳሉት አጫወተኝ። እንግዲህ ላሜራው ወፈረ፣ ዕቅዱ ግን ጸና። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሚዛን የሚያታልል ነጋዴ አይቻለሁ፤ ሁሉም የሚያታልሉት ግን ቀላሉን ከባድ ነው እያሉ ነበር። ከባዱን ቀላል ነው ብሎ ሕፃን ማስያዝ ለእኔም አዲስ ነው።

በመጪው እሑድ፣ ልጆቹ ችሎታቸውን በሚያሳዩበት የማሳያ ቀን፣ በእንግዶች ፊት «እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ክብደት ያነሳል» ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፌንጣ ሃያ አራት ኪሎ ናት፤ እኔው ራሴ መዝኛታለሁ። ለእርሷ የተዘጋጀው ቧንቧው አራት፣ በግራና በቀኝ አሥር አሥር፣ ድምሩ በወረቀት ሃያ አራት ነው። በሚዛን ሠላሳ ሁለት ነው። ያቺ ስምንት ኪሎ በማን ላይ እንደምታርፍ ዕቅዱ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ብረት እንድታነሳ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበር፤ ይሁን እንጂ መነጽር ቢኖረኝም እፈርም ነበር። ፌንጣ የመጀመሪያዋን ሜዳሊያ ስታመጣ ፎቶዋን መጋዘን ወስጄ ከሚዛኑ በላይ የሰቀልኩትና ለመጣ ለሄደው ሾፌር ሁሉ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎን ስወቅስ ግማሹን ለራሴ አስቀርቼ ነው፤ ግማሹን ግን ለእርስዎ በአክብሮት አቀርባለሁ።

ሦስተኛ። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሰጡኝን ምክር ይመለከታል። «አባቴ፣ እናንተስ በልጅነታችሁ ስንቱን ተሸክማችሁ አይደል የጠነከራችሁት?» ነበር ያሉኝ። እውነት ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ጆንያ ተሸክሜያለሁ። መጠንከሬን ማየት ከፈለጉ ግን ኮቴን የሚሰፋልኝን ልብስ ሰፊ ይጠይቁት። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው በሁለት ጣት ስለሚወርድ በአንዱ በኩል ጨርቅ ጨምሮ ያስተካክልልኛል፤ ሰላሳ ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አብረውኝ የተሸከሙት ልጆች ዛሬ ቢኖሩ የበለጠ ይመሰክሩልኝ ነበር። ሸክም ያጠነከረው የለም አልልም፤ ያጠነከረው ግን ቆሞ ያወራል፣ የሰበረው ቤት ተኝቷል። ለዚህ ነው ሸክም በወሬ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው።

በመጋዘናችን በር ላይ ዕድሜው አሥራ ስምንት ያልሞላ ልጅ ጭነት እንዳያነሳ የሚከለክል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዐምና አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጆንያ ሲያነሳ በመገኘቱ ተቆጣጣሪዎች መጋዘኑን ለአንድ ሳምንት ዘግተውት ነበር። በክበብዎ ግን የሰባት ዓመቱም ያነሳል፣ የሚመጣውም ተቆጣጣሪ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል። አለቃዬ ይህን ሰምቶ፣ እኛም ጆንያው ላይ ፊሽካና ሜዳሊያ ብንጨምርበት ይፈቀድልን እንደሆን ጠይቅልኝ ብሎኛል። ቀልዱን ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሰሞኑን ሳቅም ይከብደኛል።

አራተኛ፣ የመጨረሻዬም ነው። ከስድስቱ አንድ ልጅ ከቀረ ስድስቱም ከማሳያው ይሰረዛሉ የሚል ደንብ አውጥታችኋል። ፌንጣ ይህን ስታወራኝ ታለቅስ ነበር፤ ያስለቀሳት ግን እጇ አልነበረም። አምስቱ ልጆች በእርሷ ምክንያት እንዳይቀሩ እሑድ ጠዋት ፋሻውን ፈትታ ልትሄድ ወስናለች። እናቷ ለምናታለች፣ እኔ ተቆጥቻታለሁ፣ ሐኪሟ ነግራታለች። የሁላችንንም ቃል የሚያፈርስባት ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ቀለም ነው። በር ቆልፌ ላስቀራት እችላለሁ፤ ነገር ግን በሩን የቆለፈ አያት ፈሪ ይሆናል፣ የቀረችዋ ልጅ ደግሞ ሰነፍ ትሆናለች፣ ያንን ሸክም ከእርሷ ላይ የማወርድበት ጉልበት የለኝም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንዲት ነገር ናት። ከዝርዝሩ ይሰርዟት፤ መሰረዟንም በራስዎ አንደበት፣ በአምስቱ ልጆች ፊት፣ ስንፍና አለመሆኑን ጨምረው ይንገሯት። የእኔን ቃል አትሰማም፤ የእርስዎን ግን ትሰማለች፤ ዋንጫዎቹ ከጀርባዎ ናቸውና። ለአምስቱም ብረቱ ይመዘንላቸው። ሚዛኔ ጎማ አለው፤ እሑድ በማለዳ ራሴ እየገፋሁ አዳራሹ ድረስ አመጣዋለሁ። ክቡርነትዎም ቢወጡበት ደስ ይለኛል፤ የራስዎን ክብደት አውቀው፣ ከዚያ ላይ ሢሶውን ጨምረው በእንግዶች ፊት ቢያነሱልን፣ ደንቡ ለሁላችንም ይገባን ነበር።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ብነሳ ደስ ባለኝ፤ ወገቤ ስላልፈቀደልኝ ግን ቆሜ፣ በግራ ትከሻዬ ከፍ፣ በቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ብዬ፣ ባርኔጣዬን እንደ ያኔው በእጄ ይዤ የምሰናበትዎ፣

የእርስዎው አክባሪ፣
የመጋዘኑ ሚዛነኛ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ፌንጣ ይህን መጻፌን ካወቀች ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም፤ መልሱን ከሊቀመንበሩ አፍ ካልሰማሁ አላምንም ብላ ለእናቷ ስለነገረች ደብዳቤውን የምታደርስልዎ ራሷ ናት። እባክዎ አግዳሚው ወንበር ላይ አያስቀምጧት። ለትልቅ ሰው በቀኝ እጅ እንደሚሰጥ እናቷ በሚገባ አስተምራታለች፤ ወረቀቱን በግራዋ ብትዘረጋልዎ ስድ አደግ ናት አይበሉብን።