ማኅተሙን የሚረከባቸው ያጡት የአቶ ስሬትኮ ቺሪች የሕይወት ታሪክ

አቶ ስሬትኮ ቺሪች ከአባታቸው ከአቶ ፅቬትኮ ቺሪችና ምንጣፍ ሸማኔ ከነበሩት እናታቸው ከወይዘሮ ሌንካ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 14 ቀን 1958 በፒሮት ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ከተከታተሉ በኋላ በ1977 በጎማ ፋብሪካው በጥገና ሠራተኛነት ተቀጥረው ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግለዋል። በ1984 ከሞንቴኔግሮ የባሕር ዳርቻ ከመጡት የጂኦግራፊ መምህርት ከወይዘሮ ዴሳንካ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ሩሜናን ወልደዋል።

ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ዮቫንካ ጽሑፉን እዚህ ላይ ብትዘጋው ደስ ባላት ነበር። ነገር ግን የቀረው ዕድሜያቸው የት እንደገባ የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋልና ይስሙት።

በየካቲት 2010 የቪድሊች ራግቢ ሊግ ክለብ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ወንድማችን ጨዋታ ማየት የሚወዱ ደጋፊ እንጂ ሌላ ምንም አልነበሩም። ጉባኤው ሲጀመር ለጉባኤተኛው የሚጠበሰው በግ እንዳያርርባቸው ብለው እሳቱ ላይ ሊያገላብጡት ወደ ጓሮ ወጡ። በእኛ ከተማ በስብሰባ መሐል የወጣ ሰው እንደሚመረጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል፤ እሳቸው ግን የበጉ ነገር አዘናጋቸው። ሲመለሱ ሁሉም ቆሞ ያጨበጭባል።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ ስሬትኮ! ሊቀ መንበር ሆነዋል፤ በሙሉ ድምፅ ነው!» አለ አሠልጣኙ ራዲቮዬ።

«የእኔ ድምፅስ?»

«እርስዎ በጉን ይዘው ነበር። ደግሞ ለአንድ ወቅት ብቻ ነው።»

የክለቡን ክብ ማኅተም በእጃቸው አስጨበጧቸው። ክለባችን ከቡልጋሪያ፣ ከቦስኒያ፣ ከግሪክና ከቱርክ ክለቦች ጋር በሚጫወትበት የባልካን ውድድር ያለ ሊቀ መንበሩ ፊርማና ያለዚያ ማኅተም ምንም አይንቀሳቀስም። መመዝገቢያውም፣ የተጫዋቾች ዝርዝሩም፣ የድንበር ደብዳቤውም የሚያልፈው በእሳቸው እጅ ነበር። አንዱን ወቅት ሳይጨርሱ የሚቀጥለው ቅጽ ይመጣል። በየዓመቱ ልልቀቅ ይላሉ፤ በየዓመቱ ሁሉም ጫማውን ያያል። የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላይ ያጎርሳታል ማለት ይህ ነው።

ወይዘሮ ዴሳንካ በ2015 ጡረታ ሲወጡ ባሕሩ ዳር ሱቶሞሬ ወዳለው የአባታቸው ቤት ለመግባት ሁለቱም ተስማምተው ነበር። ወይዘሮ ዴሳንካ ምጣዱንም ድስቱንም ጭነው ሄዱ። ወንድማችን ግን «ዴሴ፣ ይህችን ወቅት ብቻ» ብለው ቀሩ።

በማግስቱ ዓመት ቡድኑ ወደ ሶፊያ ሲጓዝ አንድ ተጫዋች ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት ይዞ ተገኘና ከድንበር ተመለሰ። አሥራ ሁለት ብቻ ቀሩ። በውድድሩ ደንብ ከአሥራ ሦስት ያነሰ ቡድን እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ክለባችን ደግሞ አንድ ጊዜ ቀርቶ ስለነበር ሁለተኛው መባረር ነው። ወንድማችን በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ቁምጣ ለብሰው አሥራ ሦስተኛ ተጫዋች ሆነው ዳር መስመር ላይ ተሰለፉ። 64 ለ6 ተሸነፉ፤ የእሳቸውም የአንገት አጥንት ተሰበረ።

«እሰይ! አሁንስ ትመጣለህ?» አሉ ወይዘሮ ዴሳንካ በስልክ።

«ክንዴ በጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ በምኔ ሻንጣ እይዛለሁ? ይህችን ወቅት ብቻ።»

በሚቀጥለው ጉባኤ «ለክለቡ አጥንቱን የሰጠ» ተብለው እንደገና ተመረጡ። በ2019 ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ ጥለው ወጡ። ጠዋት በር ሲከፍቱ በፌስታል ተቋጥሮ እጀታው ላይ ተንጠልጥሎ አገኙት። ዮቫንካ ወንዝ ውስጥ ጣለው ብላቸው ነበር። «ልጆቹ የት ይጫወታሉ?» አሏት። ይሉኝታ አስሯቸዋል፤ ያሰሯቸው ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር። እህታቸው ይህን ሳትቆጣ መጻፍ አልቻለችም።

በ2023 መጸው ሳንባቸው ታመመ። ኒሽ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ራዲቮዬ ከሁለት ሰዎች ጋር ወይን ይዞ መጣ። ወንድማችን ሊረከቧቸው የመጡ መስሏቸው ከመሳቢያው ማኅተሙን አወጡ፤ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ራዲቮዬ ከኪሱ የ2024ን መመዝገቢያ ቅጽ አወጣ።

«ጋሼ፣ እዚህች ጋ ብቻ።»

መቱለት። ሰዎቹ ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። «ዮቫንካ፣ ባሕሩ ጋ ሳልደርስ ቀረሁ» አሏት።

አቶ ስሬትኮ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ የካቲት 9 ቀን 2024 በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዴሳንካን፣ ልጃቸውን ሩሜናን፣ እህታቸውን ዮቫንካንና እስከ ዛሬ ሊቀ መንበር ያልመረጠ አንድ ክለብ ትተው አልፈዋል።

ከፍትሐቱ በኋላ አስከሬናቸው ሱቶሞሬ ላይ ለማረፍ ይጓዛል። ክለቡ በአውቶቡሱ እስከ ድንበር ልሸኝ ብሎ ጠይቆ ነበር። ወይዘሮ ዴሳንካ «አይሆንም፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ያስፈርሙታል» ብለዋል። ስለዚህ ሁላችሁም ለነፍሳቸው የተቀቀለውን ስንዴ ቀምሳችሁ፣ ከዚሁ ከደጃፉ ተሰናበቷቸው።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን።