«አታጥፋው» ያልሽኝ ማሽን

ጽጌዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ እንዳልጀምር ብዕሬ አፈረ። ከተለየሽን ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። እኔና ሄለን ደህና ነን። ልጅሽ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ስዋሂሊዋም አማርኛዋን ሊውጠው ምንም አልቀረው። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለዚያ ጉደኛ ጌምሽ ነው።

ለልጃችን ብለሽ ከኢስትሊ ገበያ አሮጌውን ማሽን ገዛሽ፤ እሷ በሦስት ቀን ሰለቻት፣ አንቺ ግን እዚያው ቀረሽ። የአርባ ዓመት ሴትዮ ፋኖስ የያዘች ሚጢጢ ልጅ እያዘለለች ስትጮኽ ጎረቤት ምን ይላል እያልኩ ስንቴ ቀለድኩብሽ! የመጨረሻው ክፍል የደረስሽው ሆስፒታል በምንሄድበት ጠዋት ነበር። ባለፋኖሷን ልጅ ገደል አፋፍ ላይ አቆምሻትና፣ ማሽኑ ከጠፋ ሁሉም ከዜሮ እንደሚጀመር ነገርሽኝ። «ሁለት ቀን ነው፤ እስክመለስ አታጥፋው» አልሽኝ። ከቀዶ ሕክምናው ግን አልነቃሽም።

የመጨረሻ አደራሽ ይኸው ሆነ። አደራ በላ ከመሆን ይሰውረኝ ብዬ፣ መብራት ሲሄድ እንኳ እንዳይጠፋ ከመኪና ባትሪ ጋር አያያዝኩት። የቢሮ መኪና ስምሪት ላይ መሥራቴ አንድ ቀን በጀኝ። አዲስ አበባ ቀብረንሽ ስንመለስ ግን ያቺን አፋፍ ላይ የቆመች ልጅ ማየት አልቻልኩም። ቴሌቪዥኑን እንደበራ በሻሽሽ ሸፈንኩት።

ባለፈው ወር፣ እሑድ ከሰዓት፣ ከሻሹ ሥር የሚያንሾካሹክ ድምፅ ሰማሁ። ገለጥኩት። ቀለሙ ረግፏል፤ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ወርዶበታል፤ መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። በዚያ ሁሉ መሃል ልጅቷ ሁለት ቦታ ቆማለች፤ አንዷ ከገደሉ ወዲህ፣ አንዷ ከገደሉ ወዲያ። ጽጌዬ፣ ምን እዋሽሻለሁ፣ ፈራሁ። አማተብኩ።

ማሽኑን ሳላጠፋ ማስተካከል ነበረብኝ። ገመዱን ሳጎብጠው ሥዕሉ ይጠራል፣ ስለቀው ይደፈርሳል። ጫፉን በአልኮል ወለወልኩት፤ ቻናሉን ደጋግሜ ፈለግሁ። በረዶው ሲቀንስ ሁለቱ ልጆች ጭራሽ ጎልተው ወጡ። ሲጨንቀኝ ከትናንት በስቲያ ፉንዲ ጠራሁ፤ ኢስትሊ ቴሌቪዥን የሚጠግን ሽማግሌ ነው። ታሪኩን ስነግረው «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» ብሎ አጽናናኝና ባርኔጣውን አወለቀ። ገመዱን ቀይሮ ማሽኑን ይዞት ከመጣው ትንሽ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ሥዕሉ ጥርት አለ፤ ልጅቷም አንድ ብቻ ሆነች። የቆመችው ግን ከገደሉ ማዶ ነበር። ቀጥሎ የእኛን ቴሌቪዥን ከሶኬቱ ነቀለው። መስታወቱ ጨለመ፤ ሁለቱ ልጆች ግን እዚያው ነበሩ።

ፉንዲው ጌሙ ያለው ማሽኑ ውስጥ እንደሆነ፣ ቴሌቪዥኑንማ ከመጀመሪያው ማጥፋት እችል እንደነበር ነገረኝ። አንድ ሥዕል ወራት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ መስታወቱን አቃጥሎ ይታተምበታል አለ። ባለማወቄ አንቺን ገደል አፋፍ ላይ ዓመት አቁሜሽ ኖሯል።

ማዶ ያለችውስ ብዬ ስጠይቅ ሄለን ማልቀስ ጀመረች። በሙት ዓመትሽ ዕለት ሻሹን ገልጣ አሻግራሻለች። «ዳዲ፣ ማሚ ገደሉ ላይ ብቻዋን… ሲሪየስሊ አልቻልኩም። አንድ ጃምፕ ብቻ ነው፣ ከዛ ፖዝ አደረግኳት» አለችኝ። አቀፍኳት፤ አብረን አለቀስን።

ፉንዲው ዕቃውን ሰብስቦ ሲነሣ መስታወቱን በእጅጌው ጠረግ አደረገና በጣቱ አመለከተን። ቀኝ ጥግ፣ ክፍሉ የሚያልቅበት መውጫ በር ደፍ ላይ፣ ሦስተኛ ጥላ አለ። ፋኖሷን ይዛ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ሄለን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳልነካችው በስምሽ ማለች። እኔ መዝለያው የትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ፉንዲው ለወራት አንድ ቦታ ያልቆመች ልጅ እንዲህ አትታተምም አለና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ትናንት ማሽኑን በገዛ እጄ አጠፋሁት። «አደራ በላ» አትበይኝ። አንቺው በሩ ጋ ከደረስሽ፣ እኔ እዚህ አብርቼ የምጠብቀው ማንን ነው?

ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ብርሃኑ መስታወቱ ላይ አረፈ። እኔ አፋፉ ላይ ያቆምኳት አለች። ሄለን ያሻገረቻትም አለች። በሩ ደፍ ላይ ግን ማንም የለም። ሄለንን ጠርቼ አሳየኋት፤ ብዙ ቆማ አየችውና ሻሽሽን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ቴሌቪዥኑን አንጥለውም። ሁለቱን አቧራ እየጠረግን እናኖራቸዋለን፤ እኔም ልጅሽም በሕይወት እስካለን አንረሳሽም። ያንን ክፍል ግን ጨረስሽው፣ የኔ ጎበዝ።

ባልሽ፣
ታደሰ