የሁለት ሰው ስግደት

ሞላሌ፤ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለአዛዤ፦

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኔን ከጠየቅሽኝ ከጎረቤቶቼ ሁሉ የበለጠ ደህና ነኝ፤ ይህንንም ሳልጠየቅ ለሁሉም እየነገርኩ ሰው አስቸግሬያለሁ። አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ «ነግሬዎት ነበር!» እያልሽ እንዳትጮሂብኝ ነው። በወረቀት ሲሆን እስክጨርስ ታዳምጪኛለሽ።

ያን ጊዜ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወደተከፈተው ጂም እንድሄድ ስትመክሪኝ፣ «የመንዝ ሰው ዳገቱ አንሶት ነው ብረት የሚያነሳ?» ብዬ ስቄብሻለሁ። ፈርቼ ነበር። ግራ ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ሦስት ስቅለት ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር፣ ከደካሞቹ ጋር ተቀምጬ አሳልፌአለሁ። የኔን ስግደት በራሷ ላይ ጨምራ የምትሰግደው እናትሽ ነበረች። «አንተ ቁጭ በል፤ እኔ እበቃለሁ» ትለኝ ነበር። ዘንድሮስ እሷ ካረፈች ማን ይበቃልኛል? በጥር መጨረሻ የጂሙን በር ያንኳኳሁት ይህን እያሰብኩ ነው።

ጂም ያልኩሽ አንዲት ክፍል ናት። ክብደቱ በጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ ነው። ከአምስት ሰው ስለማንበልጥ አሰልጣኛችን ገሊላ እያንዳንዳችንን ለብቻ ትይዘናለች።

«ጋሼ፣ ምን መቻል ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

«መውደቅና መነሳት» አልኳት።

ሳቀች። የስቅለቱን ነገር ስነግራት ግን ሳቋን ትታ ወንበር አመጣችልኝ። ቁጭ፣ ብድግ! «ቤትዎ አሥር ጊዜ ብቻ» ብላ ሸኘችኝ። እኔ ደግሞ አሥር ምን ቁጥር ነው ብዬ፣ መቁጠሪያዬን ይዤ እንደ እግዚኦታው አርባ አንድ ሞላሁት። በማግስቱ ከአልጋዬ መውረድ አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን እያነከስኩ ብሄድ፣

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት የምቆጥረው እኔ ነኝ!» አለችኝ።

ለወገቧ የምትመጣው ጠላ ሻጯ ጥሩሸዋ «ተዪው ልጄ፣ ጽድቁን በአንድ ሳምንት ሊጨርስ ነው» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ከዚያ ግን ወንበሯን ከወንበሬ አጠገብ አድርጋ፣ እኔ ስነሳ እየተነሳች፣ ስቀመጥ እየተቀመጠች አብራኝ ሠራች። ገሊላም በየሳምንቱ መቀመጫዬን ዝቅ ታደርገው ጀመር፤ ከወንበር ወደ በርጩማ፣ ከበርጩማ ወደ ሣጥን። ሆሳዕና ሲደርስ ከወለሉ ላይ ያለ ምርኩዝ ተነሳሁ። አምስታችንም እንደ ሠርግ ቤት አጨበጨብን።

ስቅለት ዕለት ሰዉ የወይራ ቅጠሉን በጀርባው እየተቀበለ፣ ስንት እንደሚሰግድ ሊነገረው ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ ነፍስ አባቴ አባ ገብረ ክርስቶስ «አንተ ተቀመጥ፣ እግዚአብሔር ያውቅሃል» አሉኝ።

«ስለሚያውቀኝ እኮ ነው አባ፤ የኔን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። አባ በወይራው ጀርባዬን መታ አድርገው «አርባ አንድ!» አሉ። ሦስተኛው ላይ ይተወዋል ብለው ነበር መሰለኝ።

ሃያኛው ላይ ጉልበቴ መንጫጫት ጀመረ። ቀና ስል ገሊላን በሴቶቹ በኩል አየኋት፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ቀስ ብለው ይተንፍሱ» የምትልበትን ምልክት አሳየችኝ። ተነፈስኩ። አርባ አንደኛውንም ሰግጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ማንም አልደገፈኝም።

አባ «እግዚአብሔር ይቀበልህ፤ በቃህ» አሉኝ።

«የኔስ በቃኝ፤ የእህቴ ይቀራል» አልኳቸው።

እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መለሱ። ለሷ ስንት እንደሚሰጧት ስለማላውቅ የራሴን ያህል ደገምኩላት። ይቆጠርላት አይቆጠርላት እሱ ያውቃል። ስጨርስ ላብና እንባው ተቀላቅሎብኝ ነበር፤ ያዩኝን ሰዎች ላብ ነው ብያቸዋለሁ፤ አንቺም ከጠየቁሽ እንደዚያው በያቸው።

አሁን ጥቁሩን ልብስ አውልቂው ልጄ፤ እሷም ብትሆን አትወደውም። ቤትሽን ሰላም፣ እግርሽን ቀና ያድርግልሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። በሠርግሽ ቀን እስክስታ ስወርድ ማንም ወንበር እንዳያቀርብልኝ።

አጎትሽ